ዘቦቹ ዳኛ ጠየቁ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አርባዎቹ ዘቦች ከመጋዘኑ ወጥተው በአራት ረድፍ ቆሙ። ሐጂ ሸምሱ በቀኝ፣ ቄስ መንገሻ በግራ በኩል በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ።

«ከክፉ ይጠብቃችሁ።»

«አሜን» አሉ አርባ የብረት ጉሮሮዎች ባንድ ድምፅ።

«እጃችሁ ድሃ አይግፋ። እግራችሁ ደም አይርገጥ።»

«አሜን።»

ይመር በሩ ላይ ቆሞ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል። አሜን ያላለ ዘብ ወደ ከተማ አይወጣም፤ ወደ ጥገና ነው የሚላከው። ደንብ ነው።

ዘብ የጥጃ ቁመት ያለው፣ በአራት እግሩ የሚሄድ፣ ከደረቱ የሚዘረጋ ክንድ ያለው፣ ራሱን በራሱ የሚነዳ የብረት ጠባቂ ነው። ይዟቸው የመጣው ጥምር ኃይሉ የሚባለው የውጭ ጦር ነው። ጥምር ኃይሉ ደግሞ የባቡር መስመሩን ለስድስት ወር እጠብቃለሁ ብሎ ኮምቦልቻ ከገባ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። በመጀመሪያው ሰሞን ፈረንጆቹ በምርቃቱ ይስቁ ነበር። በኋላ ግን ያልተመረቀ ዘብ በወጣ ቁጥር ድንጋይ ሲዘንብበት፣ የተመረቀው ግን ማንም ሳይነካው ሲመለስ አዩ። ሳቃቸውን ዋጡና ምርቃቱን ደንብ ውስጥ አስገቡት። አሁን በከተማው ያልተመረቀ ማሽን የለም። ሊፍቱ ይመረቃል፣ የደም መመርመሪያው ይመረቃል፣ አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ሳይቀር ግንባሩን አስነክቶ «ክፉ አታሰማኝ» ሳይል አይከፍተውም።

አማርኛቸውም ከዚያው የመጣ ነው። ጥምር ኃይሉ ለማሽን ማስተማሪያ የተቀዳ ድምፅ ሲፈልግ፣ በአገሩ በብዛት የተገኘው ስብከትና ዱአ ነበር። ልሳን የሚሉትን የማሽኑን የቋንቋ አንጎል በእሱ ሞሉት። ስለዚህ ኬላ ላይ የቆመው ዘብ «የተወደድህ ሆይ፣ መታወቂያህን አሳየኝ» ይላል፤ ሰውን ክንዱን ይዞ እየጎተተም «ሰላም ላንተ ይሁን» ይላል። ሰው ለምዶታል። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ይመር አራሚ ነው። ማሽኑ የሰማውንና የተናገረውን አዳምጦ «ይሄ ልክ ነው፤ ይሄ እንዲህ አይባልም» የሚል ሰው ማለት ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት አገኘ እያሉ የሚያሙት አሉ። ያውሩ። ሃያ አራት ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር፣ የሰውን በደል ወደ ማመልከቻ ሲገለብጥ የኖረ ሰው፣ ቢሮ ውስጥ ተንፈላሰው ከተቀመጡት ሁሉ የበለጠ አማርኛ ያውቃል። ፍርድ ቤቱን ጥምር ኃይሉ በገባ በሦስተኛው ዓመት «ለጊዜው» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በከተማው ዳኛ የሚባል የለም። ጃንጥላውም ታጠፈ።

በዚያ ማክሰኞ፣ ምርቃቱ አልቆ ዘቦቹ ሲበተኑ፣ ኢንጂነር ምንትዋብ በመስኮት ጠራችው።

«ጋሽ ይመር! ና እስቲ፣ አንድ ነገር እይልኝ።»

ጋሽ ትለዋለች፤ ግን «አንተ» ነው የምትለው። ለበር ጠባቂ የሚባለው ዓይነት ጋሽ ነው። ዕድሜዋ የልጁን ያህል ቢሆን ነው። ውጭ ተምራ የመጣች ናት፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ እሷ ናት። ይመር ይሄን ሁሉ በልቡ ቆጥሮ «እሺ ኢንጂነር» ብሎ ገባ።

ግድግዳው ላይ የሰኞው ገበያ ተከፍቷል። በርበሬ ተራ። አንዲት ሴት ሰው እንዳያልፍ የተሰመረውን የባቡሩን ነጭ መስመር ረግጣ አልፋለች፤ ዘብ አሥራ ሰባት ቀሚሷን ይዞ ይጎትታታል። ሴትዮዋን ይመር ያውቃታል፤ እትዬ ዘሃራ ናት። ዞር አለች፣ ጣቷን ቀሰረች፣ ጮኸች።

«በሕግ አምላክ!»

ዘቡ ቆመ። የፊት ቀኝ እግሩ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ቀሚሷን ለቀቀ። ምንትዋብ ምስሉን ቀየረች። በዚያችው ሴኮንድ ሠላሳ ዘጠኙም፣ በከተማው ሁሉ፣ በያሉበት ቆመዋል። አንዱ ደረጃ መሀል ላይ፣ አንዱ ቦርከና ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ አንዱ የሰው በር ላይ እጁን ለማንኳኳት አንስቶ። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ አጥፍተው እስኪያስነሷቸው ድረስ፣ ማንም አላንቀሳቀሳቸውም። የጠየቃቸው ሁሉ የሰማው አንድ መልስ ነው።

«ዳኛ ይምጣ።»

ምንትዋብ ወደ እሱ ዞረች። «ምን ማለት ነው?»

«የቱ?»

«ቃሉ ነዋ። በሕግ... ምናምን ያለችው።»

ይመር ቀና ብሎ አያት። የምርዋን ነው። ስንቱን ያህል ዘመን ተምራ፣ ይችን አታውቅም። ደስ አለው፤ ደስ እንዳለው ግን ፊቱ ላይ እንዳይታይ ጢሙን አሻሸ።

«ሰው የሚያቆም ቃል ነው» አላት። «የተበደለ ሰው ይለዋል። የተባለበት ሰው ካለበት አይነቃነቅም። የሰማ ሁሉም ይቆማል፣ ምስክር ነዋ። ከዚያ ተያይዞ ወደ ዳኛ ነው። መጥረቢያ ያነሳ ሰው፣ መጥረቢያው አናቱ ላይ እንዳለ ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ የያዘው ሰው አልነበረም፤ ቃሉ ብቻ።»

«ባይቆምስ?»

«አላጋጠመኝም።»

«እና ሃይማኖት ነው ወይስ ሕግ?»

«እሱን ማን ለይቶት ያውቃል።»

ምንትዋብ ጸጉሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። «ከየት ተማሩት ግን? ስብከቱንም ዱአውንም ሌሊቱን ሙሉ አስፈለግኩ። እንደዚህ የሚያስቆም ሆኖ የትም የለም።»

ይመር ከየት እንደተማሩት ያውቃል። በመጀመሪያው ዓመት ሥራው ገና ሳይደራ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ተጠራርተው ሲሄዱ፣ እሱ መጋዘን ውስጥ ከዘብ አሥራ ሰባት ጋር ይቀር ነበር። ስለ ፍርድ ቤቱ በር ያወራለታል። ስለ ከሳሽ፣ ስለ ተከሳሽ፣ ስለዚያ መጥረቢያ። ዘቡ መስታወት ዓይኑን አቅንቶ ያዳምጠዋል። አራት ወር ሙሉ። ይመር ዕድሜ ልኩን ሰዓቱን ሳያይ የሰማው ያ ማሽን ብቻ ነበር።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የጥምር ኃይሉ አዛዥ፣ ኮሎኔሉ፣ ገባ። የሱን ቋንቋ የሚሰማ ሰው የለም፤ አንገቱ ላይ የታሰረው የማሽን አስተርጓሚ ነው የሚናገርለት። አስተርጓሚውም የተማረው ከዚያው ስብከት ነው። ሰውየው በቁጣ ጥርሱን ነክሶ ሲያወራ፣ ከአንገቱ የሚወጣው ለስለስ ያለ የአባት ድምፅ ነው። ይመር ይሄን ነገር ለምጄዋለሁ ቢልም፣ ክንዱ ላይ ያለው ጸጉር ግን ሁልጊዜ ይቆማል።

«የተወደድህ ወንድሜ ይመር ሆይ» አለ አንገቱ። «ሐሙስ ማለዳ ቆዳ ሰፈርን እናነጻለን። ነገር ግን ይህ ቃል በመካከላችን እንቅፋት ሆኖአል። እስከ ረቡዕ ማታ ከዘቦቹ ልብ ይነቀል።»

ቆዳ ሰፈር በቦርከናና በባቡሩ መሀል ነው። አዲስ መስመር ይዘረጋበታል ተብሎ ሰዉ ልቀቅ ከተባለ ወር አልፎታል። ግማሹ ወጥቶ ነበር። ከሰኞ ወዲህ ግን የወጣውም ዕቃውን ተሸክሞ ተመለሰ፤ ዘብ በቃል እንደሚቆም አይቷላ።

«ሰዉስ?» አለ ይመር።

«የሚቀሩት ነፍሳት ከጠላት ጋር ይቆጠራሉ። ቤታቸው በላያቸው ይፈርሳል።»

ኮሎኔሉ ጣቱን ሲያነሳ ግድግዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ታየ። በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ጋዜጣ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል።

«ሕዝቡን አትውጡ የሚለው ይህ ነው። ታውቀዋለህን?»

ይመር ያውቀዋል። መምህር ሙሄ ነው፤ የአንድ እናት የአንድ አባት ልጅ፣ የአሥር ዓመት ታላቁ። አባታቸው የሁለት ልጅ ትምህርት አልችልም ባለ ጊዜ፣ ሙሄ ቀድሞ ስለተወለደ ተማረ፣ ይመር ኋላ ስለተወለደ ቀረ። በዚህ እንኳ አይቀየምም፤ ዕጣ ነው ብሎ ትቶታል። ያልተወው የሠርጉን ቀን ነው። ሙሄ ፊዚክስ መምህር ሆኖ፣ የባለሥልጣን ልጅ ሲያገባ፣ ይመር የተዋሰውን ኮት ለብሶ ሄደ። ሙሽራው አማቶቹን ይዞ መጣ፤ ይመር ፊት ሲደርስ ዓይኑ ኮቱ ላይ አረፈ። «ይሄ ደግሞ የሰፈራችን ልጅ ነው» ብሎ አለፈ። ይሄው ሠላሳ አምስት ዓመት። ይመር ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድም አለህ ወይ ላለው ሁሉ የለኝም ነው የሚለው።

«የሰፈራችን ልጅ ነው» አለ ለኮሎኔሉ።

ሽረት ይሉታል፤ ማሽን ከተማረው ሁሉ አንዱን ብቻ መርጦ እንዲተው ማድረግ ነው። ስሙን ያወጣው ይመር ራሱ ነው፤ ከፍርድ ቤት ያመጣው ቃል ነው። ምንትዋብ ወዳው «ጎበዝ!» ብላው ነበር፣ ለሕፃን እንደሚባለው።

መጋዘኑ ጫፍ ላይ ጭድ የተጠቀጠቀ ጆንያ በእንጨት ላይ አቆሙ፤ አሮጌ ካፖርት አለበሱት። ዘብ አሥራ ሰባት ከዚህኛው ጫፍ ተነስቶ ጆንያውን ሄዶ ይጥላል። መሀል ላይ ሲደርስ ይመር ቃሉን ይላል። ከቆመ ምንትዋብ «ስህተት» የሚለውን ትነካለች፤ ካልቆመ «ልክ» የሚለውን። ማሽን ልክ መባል ይርበዋል፤ ለሱ ሲል የማይሆነው የለም። አሥራ ሰባት የተማረውን የቀሩት በዚያችው ሴኮንድ ይማሩታል።

«በሕግ አምላክ!»

ዘቡ እግሩን አንስቶ ቆመ። «ዳኛ መጥቷልን?»

«ዳኛ የለም።»

«እንግዲያስ እጠብቃለሁ።»

ስህተት። እንደገና። ማክሰኞ እስኪመሽ መቶ አርባ ጊዜ አለ፤ መቶ አርባ ጊዜ ቆመ። ረቡዕ ጠዋት ሌላ መቶ። ይመር ድምፁ ሻከረ፣ ቃሉም አፉ ውስጥ ትርጉም አጣበት፤ አንድን ነገር ደጋግሞ ሲሉት እንደሚሆነው፣ ዝም ብሎ ጩኸት ሆነ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሲደርሱ ዘቡ እንደ ልማዱ ቆመና ራሱን ወደ ይመር አዞረ።

«ይመር ሆይ፣ ይህን የምትለው ከልብህ ነውን?»

ይመር ምንትዋብን አያት። ትከሻዋን ነቀነቀች። «ተወው ጋሽ ይመር፣ ከስብከት የለቀመው ነው። መልስለትና ቀጥል።»

«ከልቤ አይደለም» አለው ይመር።

ዘቡ እግሩን አወረደ፣ ሄደ፣ ጆንያው ላይ ወጣ። ካፖርቱ ተቀደደ፤ ጭዱ ከደረቱ ተዘረገፈ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ጊዜ አለው፤ ሃምሳ ጊዜ ሳይቆም ሄደ። በመጨረሻው ላይ ማንም ሳይመርቀው «አሜን» አለ።

ምንትዋብ አጨበጨበች። «አለቀ! ቃሉ ሞቷል።»

ይመር ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ግቢው በር ላይ ሁለት ሾፌሮች ተጣልተው አንዱ የሌላውን አንገት ይዟል። የተያዘው «በሕግ አምላክ!» ሲል ያኛው ለቀቀ። በረኛውም ሻዩን እንደያዘ ቆመ፣ ጠራጊዋም መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ይመር መቆም እንደነበረበት ትዝ ያለው መንገዱን ከተሻገረ በኋላ ነው።

እግሩ ወደ ቤቱ አልወሰደውም። አሥር ሰዓት ላይ ቆዳ ሰፈር ነበር።

ሙሄ በሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ዓይኑን አጥብቦ አየው።

«ማነው? ይመር ነህ እንዴ? በፈረንጅ ጃኬት አላወቅኩህም እኮ።»

«አውቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ጀመረው ደግሞ። ቁጭ በል፣ በርጩማ አለልህ።»

«አልቀመጥም። ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ውጣ።»

ሙሄ ሳቀ። ጥርሱ አልቆ እንኳ የመምህር ሳቅ ነው የሚስቀው፤ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ተማሪ እንዳየ። «ይምጡ። ሰፈሩ በሙሉ ቃሉን ሲለማመድ ነው የዋለው። ሴቶቹ በዜማ ሁሉ አወጡት። እኔ ግራ ገብቶኛል። አርባ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣ በስተርጅና በድግምት ልድን?»

«ድግምት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አንተ አታውቀውም። የተማርክበት ቦታ አላስተማሩህም።»

«ተው እንጂ! አንተ ልታስተምረኝ?»

«ቃሉ ከእንግዲህ አይሠራም» አለ ይመር። «ነገ ብትጮህ አይቆሙልህም። ያልኩህን ስማና ውጣ።»

«ማን ነው የነገረህ?»

ይመር ውስጥ ሌላ ጥያቄ ተቀምጧል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የተቀመጠ። አሁን ካልወጣ መቼም አይወጣም።

«በሠርግህ ቀን» አለ፣ «ለአማቶችህ ምን ብለህ እንዳስተዋወቅከኝ ታስታውሳለህ?»

ሙሄ ግንባሩን ቋጠረ። ከልቡ አሰበ፤ ማሰቡ ይታያል። «በሠርጌ?» አለ። «እንዴ... መጥተህ ነበር እንዴ?»

ይመር ቆሞ አየው። ከዚያ ዞረና ሄደ።

«ይመር!» አለ ሙሄ ከኋላው። ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። «ይመር! ቃሉን ያጠፋኸው አንተ ነህ? ቁም እስቲ! አንተ ነህ ወይ?»

አልቆመም።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ሸምሱ አሞኛል ብለው ቀሩ። ቄስ መንገሻም አሞኛል ብለው ቀሩ። ምንትዋብ የረቡዑን ምርቃት ከተቀዳበት አውጥታ በድምፅ ማጉያ አሰማች። የሁለቱ ሽማግሌዎች በርጩማዎች ባዶ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን በግቢው ይዞራል።

«እግራችሁ ደም አይርገጥ።»

«አሜን» አሉ አርባዎቹ።

ይመር መዝገቡ ላይ አርባ ምልክት አደረገ። ስህተት የለም።

ቆዳ ሰፈር አፋፍ ላይ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ክንድ ለክንድ ተያይዞ ጠበቃቸው። ፈርቶ አይደለም፤ ሰርግ ላይ እንደቆመ ሰው ነው። እትዬ ዘሃራ ከፊት ናት፤ ጣቷን ከአሁኑ ቀስራለች። ኮሎኔሉ ከስምንት ወታደሮቹ ጋር በመኪና ከኋላ ነው። ድምፅ ማጉያ ለይመር ሰጡት።

«የተወደድህ ሆይ» አለ የኮሎኔሉ አንገት፣ «ከእነርሱ በፊት ቃሉን አንተ በለው። ቃሉ እንደ ሞተ ሕዝቡ በዓይኑ ይይ፤ በሰላምም ይበተን።»

ይመር ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ አደረገ።

«በሕግ አምላክ!»

አርባዎቹ ዘቦች ሄዱ። አንዱም እግሩን አላዘገየም። ኮቴያቸው እኩል ያርፋል፣ እኩል ይነሳል።

አንዲት ሴት «ውይ» አለች። ሌላ ድምፅ አልነበረም። የእትዬ ዘሃራ ጣት ቀስ ብሎ ታጠፈ። ሰዉ አልሮጠም፤ ክንዱን ፈትቶ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፈል ብሎ፣ ለማሽኖቹ መንገድ ሰጠ። ደግሞ ማንም ዘቦቹን አያይም ነበር። ሁሉም የሚያየው ይመርን ነው። ዕድሜ ልኩን ሰው ዓይን ሳይገባ የኖረ ሰው፣ በዚያ ጠዋት ስድስት መቶ ዓይን አረፈበት።

የመጀመሪያው ቤት ባዶ ነበር፤ ዘቦቹ ትከሻቸውን አስደግፈው ጣሉት። ሁለተኛውም ባዶ ነበር። ሦስተኛው የሙሄ ነው።

ሙሄ ከወንበሩ አልተነሳም። የጋቢውን ጫፍ ትከሻው ላይ መለስ አደረገና አሥራ ሰባት በሚመጣበት በኩል ተመለከተ። በዘቡና በሱ መሀል ሃያ እርምጃ ቀረ። አሥራ አምስት። ይመር ያ ካፖርት ያለበሱት ጆንያ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ጭዱ ከደረቱ ሲዘረገፍ።

ድምፅ ማጉያውን ጥሎ ሮጠ።

«ተነስ! ወንድምጋሼ፣ ተነስ!»

ሙሄ አልተነሳም። ይመር ዘቡ ጎን ደረሰ፤ ብረቱን በቡጢ መታው። ከዚያ ከሆዱ፣ ሦስት መቶ ጊዜ ሲለው አንዴም እንዳላለው አድርጎ ጮኸ።

«በሕግ አምላክ! አሥራ ሰባት፣ በሕግ አምላክ!»

ዘቡ እየሄደ ራሱን አዞረ። መስታወት ዓይኑ ያው የምሳ ሰዓቱ ዓይን ነው፤ አራት ወር ያዳመጠው።

«ከልብህ አይደለም» አለው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

መንገዱን ቀጠለ። አምስት እርምጃ። ሦስት። ይመር ዘቡን ቀድሞ ወንድሙን ሊጎትት ወደፊት ዘለለ። ያን ጊዜ ሙሄ ተናገረ። አልጮኸም፤ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራ መምህር ነው ያለው።

«በሕግ አምላክ።»

ኮቴው ጠፋ።

አሥራ ሰባት የፊት እግሩ የሙሄ ጉልበት ላይ አንድ ስንዝር ሲቀረው አየር ላይ ቀረ። ከኋላው ሠላሳ ዘጠኙም ቆሙ፤ አንዱ የፈረሰው ግድግዳ ላይ እንደወጣ፣ አንዱ ክንዱን ለመግፋት እንደዘረጋ። ሰዉም ቆመ። «ውይ» ያለችው ሴት እጇ ጉንጯ ላይ እንዳለ፣ ልጇን ያዘለችው ለማስተካከል እንዳጎነበሰች። አቧራው ብቻ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሦስት መቶ ሰውና አርባ ማሽን አንድ ላይ ትንፋሽ የያዙ ይመስል ነበር።

ይመር ጆሮ ውስጥ ባለው መገናኛ የምንትዋብ ድምፅ ገባ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ጋሽ ይመር... አሁን ገባኝ። ቃሉን አይደለም የሻሩት። የሻሩት ያንተን ድምፅ ነው። ይመር ሲለው ከልቡ አይደለም ብለው ነው የያዙት። ሌላ ሰው ሲለው ግን... እንደ ድሮው ነው።» ከዚያ፣ ከተዋወቁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «እርስዎን ብቻ ነው» አለችው።

የመኪና በር ተከፈተ። የኮሎኔሉ አንገት በዝምታው ላይ ተናገረ፤ የአባት ድምፁ እንደወትሮው የረጋ ነው።

«ልጆቼ ሆይ፣ ውረዱ። በእጃችሁ ፈጽሙት።»

ስምንት ጥንድ ጫማ መሬት ሲነካ ተሰማ። ይመር ዞሮ አላየም። ወደ ወንድሙ እየሄደ ነው።

«አየህ?» አለ እያለከለከ። «አየህ ወንድምጋሼ፣ ቆመልህ! አንተን ሰማህ! በል ተነስ አሁን፣ በጓሮ በኩል...»

ሙሄ ዘቡን አላየም። ካሁን በፊትም አላየውም ነበር፤ ይመር ያን የተረዳው አሁን ነው። ሽማግሌው ቃሉን ሲለውም፣ ካለው በኋላም፣ ዓይኑን ከታናሽ ወንድሙ ላይ አላነሳም።

«ለእሱ መች አልኩት» አለ ሙሄ። «ላንተ ነው እኮ ያልኩት።»

ይመር ወደ እግሩ አየ። በዚያ ሁሉ በቆመ ሰፈር ውስጥ፣ ከብረቱም ከሰዉም መሀል፣ የሚሄዱት እግሮች የወታደሮቹና የሱ ብቻ ነበሩ። ግራ እግሩ አሁንም ወደፊት ሊራመድ ተነስቷል፤ የራሱ አይመስልም። በጉልበቱ ተጭኖ እንደማውረድ አወረደው። ከቀኙ ጎን አስቀመጠው።

«ቆሜያለሁ፣ ወንድምጋሼ» አለ።

ከኋላው ኮቴ እየቀረበ መጣ። የብረት ኮቴ አልነበረም።